ነባር የፓይተን ስክሪፕቶችን ወደ ጁፒተር ኖትቡክ ማምጣት፦ ኮፒ-ፔስት ወይስ ኢምፖርት?

ዳታ_ለማጇ

ሰላም ለሁላችሁ። አራት የፓይተን ፋይሎች አሉኝ፦ ሜይን.ፒዋይ፣ ክሊን.ፒዋይ፣ ፕሎት.ፒዋይ እና ሴቲንግስ.ፒዋይ። በድምሩ 900 መስመር ገደማ ይሆናሉ። የየጣቢያውን የዕለት ዝናብ መረጃ ከሲኤስቪ ያነባሉ፣ ያጸዳሉ፣ ግራፍ ያወጣሉ። የጣቢያዎቹ ስም በአማርኛ ነው የተጻፈው። ከተርሚናል እንዲህ ሲባል ያለ ችግር ይሠራል፦

    ፓይተን ሜይን.ፒዋይ --ዓመት 2015

አሁን በየደረጃው ያለውን ውጤት እያዩ ለመሥራት ወደ ጁፒተር ኖትቡክ ማምጣት ፈልጌ ነበር። ሦስት ነገር አስቸግሮኛል፦

ሀ) የሜይንን ኮድ ሴል ውስጥ ገልብጬ ረን ሳደርገው «አንሪኮግናይዝድ አርጊውመንትስ፦ -ኤፍ» ይልና «ሲስተምኤግዚት፦ 2» ብሎ ይቆማል። ስክሪፕቱ ውስጥ -ኤፍ የሚባል ነገር የለም።

ለ) ክሊንን ኢምፖርት ካደረግኩ በኋላ ፋይሉን ባስተካክለውም ኖትቡኩ የሚሠራው በድሮው ነው። ኢምፖርቱን ደግሜ ረን ባደርግም ለውጥ የለም።

ሐ) የዳታ ፎልደሩን የሚፈልገው መስመር «__ፋይል__ አልተገለጸም» ይላል።

ላፕቶፑ ዊንዶውስ ነው፤ አንዳንዴ ኮላብ (የጉግል የኢንተርኔት ላይ ኖትቡክ) ላይም መሥራት ያስፈልጋል። (ትዕዛዞቹን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ኮዱ ላይ በላቲን ነው ያሉት።)

ከርነል_ጠባቂ

ከሀ ልጀምር። -ኤፍ የከርነሉ (የኖትቡኩን ኮድ ከበስተጀርባ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ነው እንጂ የስክሪፕትሽ አይደለም። ጁፒተር ከርነሉን ሲያስነሳ በትዕዛዝ መስመሩ ላይ -ኤፍ ብሎ የአንድ ጄሰን ፋይል አድራሻ ያስከትላል፤ በየትኞቹ ፖርቶች እንደሚገናኝ የተጻፈበት ፋይል ነው። አርግፓርስ (ከትዕዛዝ መስመሩ ምርጫዎችን የሚያነበው የፓይተን ላይብረሪ) ሌላ ነገር ካልሰጠሽው የሚያነበው ሲስ.አርግቪን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጠራበትን ትዕዛዝ ነው፤ ኖትቡክ ውስጥ ደግሞ እዚያ ያለው የከርነሉ ትዕዛዝ ነው። ስለማያውቀው ይጮሃል፣ ፕሮግራሙንም ሊዘጋ ይሞክራል። 2 የምትለዋ ቁጥር የአርግፓርስ የስህተት መውጫ ናት።

መፍትሔው ሜይንን እንዲህ መቀየር ነው፦

    ዴፍ ሜይን(አርግቪ=ነን):
        ...
        አርግስ = ፓርሰር.ፓርስ_አርግስ(አርግቪ)
        ...

    ኢፍ __ኔም__ == "__ሜይን__":
        ሜይን()

ከተርሚናል ሲጠራ እንደ ቀድሞው ይሠራል። ከኖትቡክ ደግሞ ኢምፖርት አድርገሽ እንዲህ ትጠሪዋለሽ፦

    ሜይን.ሜይን(["--ዓመት", "2015"])

ሁለት ቦታ ላይ ሰው ይሳሳታል። አንደኛ፣ 2015 በጥቅስ ውስጥ መሆን አለበት፤ አርግፓርስ የሚቀበለው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ቁጥር ስትሰጪው ታይፕኤረር ይወረውራል። ሁለተኛ፣ ምንም ምርጫ ሳትሰጪ ለመጥራት ከፈለግሽ ባዶ ዝርዝር ስጪው፦ ሜይን.ሜይን([])። ቅንፉን ባዶ ከተውሽው አርግቪ ነን ይሆናል፣ ነን ሲሆን አርግፓርስ ወደ ሲስ.አርግቪ ይመለሳል፣ ያው -ኤፍ ተመልሶ ይመጣል።

አንዳንድ ሰው ፓርስ_ኖውን_አርግስን ተጠቀሚ ይልሻል። የማያውቀውን ምርጫ ዝም ብሎ ስለሚያልፍ ኤረሩ ይጠፋል፤ ግን ነገ ከተርሚናል --ዓመትን በስህተት --አመት ብለሽ ብትጽፊ እሱንም ዝም ብሎ ያልፍልሻል። እኔ አልመክረውም።

ወደ ለ። ፓይተን አንድ ሞጁል መጀመሪያ ኢምፖርት ሲደረግ ፋይሉን አንብቦ፣ ውጤቱን ሲስ.ሞጁልስ የሚባል መዝገብ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው ኢምፖርት ፋይሉን ዞሮ አያይም፤ ከመዝገቡ ነው የሚያነሳው። በተርሚናል ይህ የማይታወቀው በየጊዜው አዲስ ፓይተን ስለሚነሳ ነው። የኖትቡክ ከርነል ግን ጠዋት የተነሳው እስከ ማታ ያው ነው። የኖትቡኩ የመጀመሪያ ሴል ላይ፣ ከሁሉም ኢምፖርት በፊት፣ እነዚህን ሁለት መስመሮች አድርጊ፦

    %ሎድ_ኤክስት አውቶሪሎድ
    %አውቶሪሎድ 2

ከዚያ በኋላ ፋይሉን ሴቭ ባደረግሽ ቁጥር ቀጣዩ ሴል ረን ከመደረጉ በፊት የተቀየሩት ሞጁሎች እንደገና ይነበባሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ የምትፈልጊው ኢምፖርትሊብ.ሪሎድ(ክሊን) ይበቃል።

ሐ ቀላል ነው። ሴል ፋይል ስላልሆነ __ፋይል__ የለውም። በኢምፖርት የመጣ ፋይል ውስጥ ግን አለ። ስለዚህ ያንን መስመር ሴቲንግስ.ፒዋይ ውስጥ አስቀምጪው እንጂ ወደ ሴል አታምጪው። ሴል ውስጥ የግድ ከሆነ ፓዝ.ሲደብልዩዲ() ተጠቀሚ፤ ጁፒተር ላይ ኖትቡኩ ያለበትን ፎልደር ይሰጥሻል።

ፈጣን_እጅ

ይህ ሁሉ ለ900 መስመር? አንዲት ፋይል እንኳ ሳትነኪ፦

    %ረን ሜይን.ፒዋይ --ዓመት 2015

በቃ። %ረን ሲስ.አርግቪን ራሱ ስለሚያዘጋጅ አርግፓርስ አይጣላሽም፤ __ኔም__ም «__ሜይን__» ስለሚሆን ስክሪፕቱ ከተርሚናል የተጠራ ያህል ነው የሚሠራው፤ __ፋይል__ም አለ። ሲጨርስ በፋይሉ ዋና ደረጃ ላይ የተፈጠሩት ቫሪያብሎች ሁሉ ወደ ኖትቡኩ ይመጡልሻል። በቀጣዩ ሴል የዳታፍሬሙን ስም መጻፍ ብቻ ነው።

ስክሪፕቱ ኖትቡኩ ላይ ያሉ ቫሪያብሎችን እንዲያይ ካስፈለገ %ረን -አይ። ጊዜውን እንዲለካ -ቲ። ስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ ሲስ.ኤግዚት የሚል ካለበትና ኤረር መምሰሉ ካስቸገረሽ -ኢ። የፎልደሩ ስም ክፍተት ካለው በድርብ ጥቅስ ክበቢው፤ ዊንዶውስ ላይ ነጠላ ጥቅስ እዚህ ቦታ አይሠራም።

ባለ_ሞጁሉ

@ፈጣን_እጅ ያልከው ትክክል ነው፤ ግን ለእሷ ሁኔታ ሁለት ወጥመድ አለበት።

አንደኛው፣ %ረን እንደገና የሚያነበው ሜይንን ብቻ ነው። ሜይን በውስጡ ክሊንን ኢምፖርት ካደረገ፣ ክሊን የሚመጣው ያው ከርነል_ጠባቂ ካለው መዝገብ ነው። ክሊንን አስተካክላ %ረን ብትል የድሮውን ውጤት ታያለች፤ «ረን አድርጌዋለሁ እኮ» እያለች ስህተቱን ሌላ ቦታ ትፈልጋለች። ስለዚህ %ረንም ቢሆን አውቶሪሎድን ይፈልጋል።

ሁለተኛው፣ ቫሪያብሎቹ ሲመጡ የነበረውን ይተካሉ። ኖትቡኩ ላይ ሰዓት የፈጀ ስሌት ያለበት ዲኤፍ ካለ፣ ስክሪፕቱም ዲኤፍ የሚል ካለው፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። ሁሉም ነገር ሜይን() ፈንክሽን ውስጥ ከገባ ደግሞ ከናካቴው የሚመጣ ቫሪያብል የለም፤ በፈንክሽን ውስጥ የተፈጠረ እዚያው ይቀራል።

እህቴ፣ መካከለኛ ውጤት ማየት ከሆነ የፈለግሽው ሥራውን ከትዕዛዝ መስመሩ ለይው። ክሊን ውስጥ መረጃውን ተቀብሎ የጸዳውን የሚመልስ ፈንክሽን ይኑር፤ ፕሎት ውስጥ የጸዳውን ተቀብሎ ግራፉን የሚመልስ። ሜይን ምርጫዎቹን አንብቦ እነዚህን በተርታ ከመጥራት ያለፈ ሥራ አይኑረው። ያኔ ኖትቡኩ ሜይንን ጭራሽ አያስፈልገውም፦

    ኢምፖርት ክሊን፣ ፕሎት
    ጥሬ = ክሊን.አንብብ("ዳታ/ዝናብ.ሲኤስቪ")
    ንጹህ = ክሊን.አጽዳ(ጥሬ, ዓመት=2015)
    ንጹህ.ዲስክራይብ()

እያንዳንዷ መስመር የራሷ ሴል ትሁን። (የፈንክሽንና የቫሪያብል ስም በአማርኛ ማድረግ በፓይተን 3 ይቻላል፤ ቀልድ አይደለም። ፎልደር ላይ ግን እጠነቀቃለሁ፤ አንዳንድ የቆየ ፕሮግራም ላቲን ያልሆነ አድራሻ ሲያይ ይደናገጣል።)

ኖትቡኩ ከስክሪፕቶቹ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ከሆነ ኢምፖርቱ ያለ ምንም ዝግጅት ይሠራል። ኖትቡኮቹን ለብቻ ካስቀመጥሽ ግን ፓይተን ስክሪፕቶቹን አያገኛቸውም፤ አድራሻውን ጨምሪለት፦

    ሲስ.ፓዝ.ኢንሰርት(0, ስትር(ፓዝ.ሲደብልዩዲ().ፓረንት / "ኮድ"))

ስትር የሚለውን እንዳትዘይው። ሲስ.ፓዝ የሚቀበለው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ የፓዝ ኦብጀክት ስትጨምሪበት ኤረር አይሰጥም፣ ዝም ብሎ ይዘለዋል፣ ከዚያ «እንዲህ የሚባል ሞጁል የለም»። ኖትቡኩ ሦስት አራት ሲሆን ይህን መስመር በየኖትቡኩ መድገም ይሰለቻል። ያኔ አጭር ፓይፕሮጀክት.ቶምል ጽፈሽ በ

    %ፒፕ ኢንስቶል -ኢ .

ጫኚው። -ኢ ማለት ፋይሎቹን አይገለብጥም፣ ባሉበት ይጠቁማል፤ ስታስተካክያቸው እንደገና መጫን የለም። %ፒፕ እንጂ !ፒፕ አይሁን፤ ላፕቶፑ ላይ ሁለት ፓይተን ካለ !ፒፕ ከርነሉ በማያየው በሌላኛው ላይ ሊጭነው ይችላል።

የፋይል ስምንም ተጠንቀቂ። ራንደም.ፒዋይ ወይም ፓንዳስ.ፒዋይ የሚል ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ካለ ዋናው ላይብረሪ ይሸፈናል። ሰረዝ ወይም ክፍተት ያለበት ስም ደግሞ ለ%ረን እንጂ ለኢምፖርት አይሆንም፤ በታችኛው ሰረዝ ተኪው።

ፈጣን_እጅ

የመጀመሪያውን ወጥመድ አምኛለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ኮዱን ሴል ውስጥ ማየት የግድ ከሆነ ከኤዲተር ኮፒ አታድርጊ፤ %ሎድ ክሊን.ፒዋይ ብትዪ ይዘቱን ሴሉ ውስጥ ያፈስሰዋል፣ ትዕዛዙን ራሱን ኮሜንት ያደርገዋል። አንድ ፈንክሽን ብቻ ከፈለግሽ -ኤስ ብለሽ ስሙን፣ ከ10 እስከ 20 ያለውን መስመር ከሆነ -አር 10-20። ሴሉ ላይ ሞክረሽ የተስተካከለውን ወደ ፋይል ለመመለስ ሴሉ አናት ላይ %%ራይትፋይል እና የፋይሉ ስም። ግን ይህ ያለውን ፋይል ሳይጠይቅ ይደመስሳል፦ አንዲት ፈንክሽን ሎድ አድርገሽ በዚያው ስም ራይትፋይል ካልሽ የቀሩት ሁሉ ሄዱ። -ኤ ስትጨምሪ ከመጨረሻው ይቀጥላል እንጂ አይደመስስም።

ኮላብ_ሰፈር

ስለ ኮላብ። የኮላቡ ማሽን ጊዜያዊ ነው፤ ስላሽ ኮንተንት ውስጥ ያስቀመጥሽው ሁሉ ረንታይሙ ሲቋረጥ ይጠፋል። ኖትቡኩ ድራይቭሽ ላይ ይቀራል፣ ስክሪፕቶቹ ግን አብረውት አይቀመጡም። ጀማሪ ሁሉ «ትናንት ይሠራ ነበር» የሚለው እዚህ ነው።

ድራይቭን ማያያዝ፦

    ፍሮም ጉግል.ኮላብ ኢምፖርት ድራይቭ
    ድራይቭ.ማውንት("/ኮንተንት/ድራይቭ")

ፋይሎችሽ ከዚያ በታች ማይድራይቭ በሚል ፎልደር ውስጥ ናቸው፤ ስሙ ክፍተት የለውም። ያንን አድራሻ ሲስ.ፓዝ ላይ ትጨምሪዋለሽ፣ ወይም በ%ሲዲ ትገቢበታለሽ። !ሲዲ አይሠራም፤ በቃለ አጋኖ የሚጀምር ትዕዛዝ የራሱ ሼል ተከፍቶለት ወዲያው ስለሚዘጋ ፎልደሩን የቀየርሽው ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው።

በፋይልስ.አፕሎድ() የምትጭኚ ከሆነ ይቺን እወቂ፦ ክሊን.ፒዋይ ቀድሞ ካለ አዲሱ «ክሊን (1).ፒዋይ» ተብሎ ነው የሚቀመጠው። ኢምፖርት የሚያደርገው የድሮውን። አውቶሪሎድም፣ ሪስታርትም አያድንሽም። የድሮውን አጥፍተሽ ጫኚ።

ኮዱ ጊት ላይ ካለ !ጊት ክሎን ከሁሉም ይሻላል፤ ሁለት ሴል ነው።

ፊደል_ተቆርቋሪ

የጣቢያ ስሞቹ አማርኛ ናቸው ስላልሽ፣ ዊንዶውስ ላይ ሦስት ቦታ ትጋጫለሽ።

ማንበብ። የፓንዳስ ሪድ_ሲኤስቪ ካልነገርሽው በስተቀር ዩቲኤፍ-8 ነው የሚለው፣ ስለዚህ ሰላም ነው። ባዶ ኦፕን() ግን ዊንዶውስ ላይ የሲስተሙን ኢንኮዲንግ ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ ሲፒ1252 ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የኛ ፊደል ሦስት ባይት ይዛለች፤ ሲፒ1252 ሦስቱንም ለየብቻ ሊያነብ ይሞክርና ወይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይደረድራል፣ ወይ ይወድቃል። የሚወድቀው ለማያውቀው ባይት ነው፦ ለምሳሌ 0ኤክስ8ዲ። አራት ነጥብ፣ የፈ እና የፀ ቤት በሙሉ፣ እንዲሁም እንደ «ል» ያሉ አንዳንድ ፊደሎች ይህን ባይት በውስጣቸው ይይዛሉ፤ «ም» ደግሞ 0ኤክስ9ዲ አለባት፣ እሷም አትታወቅም። ስለዚህ «አዳማ» የሚል መስመር ተበላሽቶም ቢሆን ያልፋል፣ «ጅማ»ም ያልፋል፤ «ጎንደር።» ብለሽ አራት ነጥብ ስታደርጊበት ግን ይወድቃል። አንዱ ፋይል ሠርቶ ሌላው እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ኦፕን ባለበት ሁሉ ኢንኮዲንግ="ዩቲኤፍ-8" ጻፊ። ፋይሉ ከኤክሴል የመጣ ከሆነና የመጀመሪያው ዓምድ ስም ላይ የማይታይ ነገር ከተለጠፈበት "ዩቲኤፍ-8-ሲግ"።

ማተም። %ረን የሚያትመው በኖትቡኩ በኩል ስለሆነ አማርኛው ይወጣል። !ፓይተን ሜይን.ፒዋይ ግን ሌላ ፕሮሰስ ነው፤ ውጤቱ በፓይፕ ስለሚመጣ እዚያም ሲፒ1252 ይነግሥና በመጀመሪያው የአማርኛ ፕሪንት ላይ ዩኒኮድኢንኮድኤረር። ቀድመሽ %ኢንቭ ፓይተንዩቲኤፍ8=1 በዪ፤ ከዚያ በኋላ የሚነሱት ፕሮሰሶች ይወርሱታል። ከርነሉን ራሱን ግን አይለውጥም፤ እሱ ከመነሳቱ በፊት መቀመጥ ነበረበት።

ግራፍ። የማትፕሎትሊብ ነባሪ ፎንት ዴጃቩ ሳንስ የኛን ፊደል አልያዘም፤ ስሞቹ ባዶ ሳጥን ሆነው ይወጣሉ፣ «ግሊፍ ... ሚሲንግ» የሚል ማስጠንቀቂያም ይከተላል። ዊንዶውስ ላይ ኤብሪማ አለ፦

    ፒኤልቲ.አርሲፓራምስ["ፎንት.ፋሚሊ"] = ["ዴጃቩ ሳንስ", "ኤብሪማ"]

ከማትፕሎትሊብ 3.6 ጀምሮ በመጀመሪያው ፎንት ያጣውን ከሁለተኛው ይወስዳል። ኮላብ ላይ ኤብሪማ ስለሌለ የአቢሲኒካ ወይም የኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ፎንት ፋይል ከስክሪፕቶቹ ጋር አስቀምጪና በፎንት_ማናጀር.ፎንትማናጀር.አድፎንት(አድራሻው) አስመዝግቢው። ፕሎት.ፒዋይ አናት ላይ ማትፕሎትሊብ.ዩዝ("አግ") የሚል መስመር ካለ ደግሞ አውጪው፤ ግራፉን ወደ ፋይል ብቻ ስለሚጽፍ ኖትቡኩ ላይ ምንም አይታይሽም።

ዳታ_ለማጇ

እጅግ አመሰግናለሁ። ሀ እና ሐ ተፈትተዋል፤ ሜይንን ባለ_ሞጁሉ እንዳለው ከፋፍዬዋለሁ። አውቶሪሎድም ለፈንክሽኖቹ ይሠራል። ሁለት ነገር ቀረ። «ፍሮም ሴቲንግስ ኢምፖርት ወሰን» ብዬ ያመጣሁት ወሰን የሚባል ቁጥር ፋይሉ ላይ ከ0.2 ወደ 1.0 ቢቀየርም ኖትቡኩ ላይ 0.2 ነው። ሌላው፣ ክሊንን ሴቭ ባደረግኩ ቁጥር ቀጣዩ ሴል 40 ሰከንድ ያህል ይቆያል።

ከርነል_ጠባቂ

ወሰን፦ አውቶሪሎድ የፈንክሽንና የክላስን ውስጥ በነበሩበት ቦታ ይቀይራል፤ ተራ ቁጥርና ጽሑፍ ላይ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። «ፍሮም ... ኢምፖርት» ስትዪ ኖትቡኩ ወሰን የሚል የራሱን ስም ከ0.2 ጋር አሰረ፤ ሴቲንግስ ውስጥ ያለው ሲቀየር ያንቺው አይሰማም። «ኢምፖርት ሴቲንግስ» ብለሽ በየቦታው ሴቲንግስ.ወሰን ብለሽ ጥሪው። ክሊን ውስጥም «ፍሮም ሴቲንግስ» ካለ እንደዚያው ቀይሪው፤ አለዚያ ኖትቡኩ 1.0 እያሳየሽ ጽዳቱ በ0.2 ሊቀጥል ይችላል፣ ይህ ደግሞ ኤረር የለውም።

40 ሰከንዱ፦ ክሊን.ፒዋይ ውስጥ ከፈንክሽን ውጪ፣ ፋይሉ ዋና ደረጃ ላይ ሪድ_ሲኤስቪ ያለ ይመስለኛል። ሪሎድ ማለት ፋይሉን ከላይ እስከ ታች እንደገና ማስኬድ ስለሆነ በየሴቩ ሲኤስቪውን ያነባል። አንብብ() ውስጥ አስገቢው።

እግረ መንገድሽን፦ ፋይሉን በከፊል ጽፈሽ ሴቭ ካደረግሽው፣ ለምሳሌ ቅንፍ ሳትዘጊ፣ አውቶሪሎድ «ክሊንን ሪሎድ ማድረግ አልተቻለም» የሚል መልእክት ከሴሉ ውጤት በላይ አትሞ በድሮው ኮድ ይቀጥላል። ሴሉ ስለሚሠራ መልእክቱን ማንም አያነበውም። ክላስ ካለሽ ደግሞ፣ ቀድሞ የተፈጠረ ኦብጀክት አዲሶቹን ሜተዶች ያገኛል፣ ኢኒት ውስጥ የጨመርሽውን ግን አያገኝም፤ ኦብጀክቱን የፈጠርሽበትን ሴል ድገሚው።

ዳታ_ለማጇ

ሪድ_ሲኤስቪ 14ኛው መስመር ላይ ነበር፣ ልክ ነህ። ወሰንም ተስተካከለ። አንድ የመጨረሻ፦ ሜይን.ፒዋይን እንዳለ ወደ ኖትቡክ ፋይል የሚቀይር ነገር አለ?

ባለ_ሞጁሉ

ጁፒቴክስት። መክፈል በምትፈልጊበት ቦታ ሁሉ ለብቻው መስመር ላይ «# %%» ጻፊ፣ ከዚያ፦

    ጁፒቴክስት --ቱ ኖትቡክ ሜይን.ፒዋይ

እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሴል ይሆናል። ምልክቱን ካልጻፍሽ ግን በባዶ መስመሮችና በኮሜንቶች እየገመተ ይከፋፍለዋል፤ ግምቱ ሁልጊዜ አያምርም። ቪኤስ ኮድ እና ስፓይደር ይህንኑ ምልክት ያውቁታል፤ ስለዚህ ኖትቡክ ፋይል ሳይፈጠር .ፒዋዩን ራሱን ሴል በሴል ረን ማድረግም ይቻላል። ጊት ላይ ለውጡን ማንበብ የሚፈልግ ሰው ይህኛውን ይመርጣል፤ የኖትቡክ ፋይል ጄሰን ስለሆነና ውጤቱንም አብሮ ስለሚይዝ አንዲት መስመር ስትቀየር ብዙ መስመር ሊያሳይ ይችላል።